ይህ ካርቶን በየትኛው ገቢ መጣ? ክምችትን እስከ መነሻ ገቢው መከታተያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

አቅራቢው ደውሎ «ከላክንላችሁ ዕቃ በአንዱ ባች (አብሮ በተመረተ ስብስብ) ላይ ጉድለት ተገኝቷል፤ ማከፋፈሉን አቁሙ» አለ እንበል። ያው ዕቃ ወደ መጋዘኑ የገባው በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ ማለትም በሦስት ገቢ (ርክክብ) ነው። ከፊሉ ተሸጧል፤ ከፊሉ ወደ ሌላ መጋዘን ተዛውሯል፤ ጥቂቱ ደግሞ ከደንበኛ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሶፍትዌሩ ሲከፈት «ቀሪ 412 ካርቶን» ይላል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ወርደው ቢቆጥሩም 412 ያገኛሉ። ከ412ቱ ውስጥ መታገድ ያለበት የትኛው እንደሆነ፣ ከዚያው ገቢ ወጥቶ የሄደው ማን እጅ እንዳለ ግን የሚናገር መስመር የለም። የሚቀረው ሁሉንም ማገድና ለደንበኛ ሁሉ መደወል ነው።

ይህን ችግር እንፈታለን የሚሉ ሶፍትዌሮች ብዙ ናቸው፤ አጠራራቸውም ግራ ያጋባል። አንዱ ሻጭ «እስከ መነሻው ይከታተላል» ሲል የዋጋ ስሌቱን ማለቱ ነው፤ ሌላው የባች ቁጥር መጻፊያ ሳጥኑን፤ ሦስተኛው እያንዳንዱን ፍሬ በስካነር ማንበብን። ስለዚህ እዚህ የሚነጻጸሩት የሶፍትዌር ስሞች ሳይሆኑ በሶፍትዌሮቹ ውስጥ ያሉት የመከታተያ ዘዴዎች ናቸው። አንድ ፕሮግራም ከእነዚህ ሁለት ሦስቱን አብሮ ሊይዝ ይችላል፤ ለየትኛው ዕቃ የትኛውን እንደሚያበሩ መወሰን ግን የገዢው ሥራ ነው።

## በመጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሶፍትዌሩ «ይህ ዕቃ የመጣው በዚያ ገቢ ነው» ሲል አይቶ ነው ወይስ አስልቶ? አይቶ ከሆነ ዕቃው ሲወጣ አንድ ሰው መለያውን አንብቦ መዝግቧል። አስልቶ ከሆነ ማንም ምንም ሳያነብ ፕሮግራሙ ራሱ «ቀድሞ የገባው ቀድሞ ወጥቷል» ብሎ አያይዞታል። ስክሪን ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም የገቢ ቁጥር፣ ቀንና የአቅራቢ ስም ያሳያሉ። ልዩነቱ የሚታየው መደርደሪያው ጋ ሲደርሱ ነው። ሠራተኛው ከፊት ያገኘውን አዲሱን ካርቶን አንስቶ ከሆነ፣ በሲስተሙ «አልቋል» የተባለው አሮጌው ገቢ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል፤ «አለ» የተባለው አዲሱ ደግሞ ደንበኛ ጋ ደርሷል። ለሂሳብ መዝጊያ ይህ ላያስጨንቅ ይችላል። የታገደ መድኃኒት ወይም ምግብ ሲሆን ግን ደህናውን አግዶ ችግር ያለበትን ማስረከብ ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ክትትሉ እስከ ምን ድረስ እንደሚወርድ ነው፦ እስከ ገቢ ሰነዱ፣ እስከ ሰነዱ አንድ መስመር፣ እስከ ፓሌቱ (ካርቶኖች ተደርድረው የሚጫኑበት ርብራብ) ወይስ እስከ አንዷ ፍሬ? ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ሲታገድ የሚቆመው ዕቃ ያንሳል፤ በየቀኑ የሚነበበውና የሚለጠፈው ግን ይበዛል።

ሦስተኛው፣ ዕቃው ከተቀመጠበት ሲንቀሳቀስ ትስስሩ ይቀጥላል ወይስ ይበጠሳል የሚለው ነው። ዝውውር፣ ተመላሽ፣ ካርቶን መፍታት፣ የቆጠራ ማስተካከያ፣ ምርት ውስጥ መግባት፤ አብዛኞቹ ሲስተሞች የሚሰናከሉት በእነዚህ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

አራተኛው አቅጣጫ ነው። ከደንበኛው እጅ ካለው ዕቃ ተነስቶ ወደ ገቢው መድረስ አንድ ነገር ነው። ከገቢው ተነስቶ የተቀበሉትን ሁሉ መዘርዘር ሌላ ነው። ዕቃ ሲታገድ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በማሳያው ላይ የሚቀርበው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

አምስተኛው ሕግ ነው፤ የሚጠይቀውም ከዘርፍ ዘርፍ ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 178/2002 አንቀጽ 18፣ ከጥር 1 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የምግብ ንግድ ላይ ያለ ሁሉ ከማን እንደተቀበለና ለየትኛው የንግድ ድርጅት እንደሰጠ ማሳየት መቻል አለበት፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት። ልብ ይበሉ፦ ያ አንቀጽ በግልጽ የሚያዘው ሁለቱን ጫፎች ነው፤ በመሃል፣ በመጋዘኑ ውስጥ፣ የትኛው ገቢ የትኛው ወጪ እንደሆነ ማያያዝን በቀጥታ አያዝም። ጫፎቹን ብቻ የያዘ ሰው ሕጉን አክብሮም ቢሆን በዕገዳ ቀን ሁሉንም ከመሰብሰብ አያመልጥም። አሜሪካ ውስጥ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የምግብ ክትትል ደንብ ከዚህ የጠበቀ ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ላሉ ምግቦች የመከታተያ ሎት (በአንድ ቁጥር ተለይቶ የሚያዝ የዕቃ ስብስብ) ኮድ ይጠይቃል፤ መዝገቡም ባለሥልጣኑ በጠየቀ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። በመድኃኒት በኩል የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 9 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ በሚሸጡ አብዛኞቹ መድኃኒቶች እያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ የራሱ ልዩ መለያ እንዲኖር አድርጓል።

## አማራጭ አንድ፦ ቀሪና አማካይ ዋጋ ብቻ

100 ካርቶን በ10 ሂሳብ ገባ፤ ቀጥሎ 60 ካርቶን በ12 ገባ። ሲስተሙ 160 ካርቶን፣ የአንዱ ዋጋ 10.75 ብሎ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ገቢዎች ውሃ ላይ እንደተጨመረ ውሃ ናቸው። ታሪኩ በገቢ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ከቀሪው ጋር የሚያገናኘው ክር ግን የለም። ለጽሕፈት መሣሪያ፣ ለምስማር፣ የመጠቀሚያ ጊዜ ለሌለውና ዋጋው ለማይዋዥቅ ዕቃ ይህ ይበቃል፤ አያፍሩበት። ለሌላው አይበቃም።

## አማራጭ ሁለት፦ ፊፎ፣ በስሌት የሚገኝ መነሻ

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ ስለሚሳሳት ረጋ ብለን እንየው። ፊፎ፣ ማለትም ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መጠሪያ ነው። አንዱ የመጋዘን ሥርዓት ነው፤ ሠራተኛው አሮጌውን እንዲያነሳ ማድረግ። ሌላው የሂሳብ ቀመር ነው፤ የወጣው ዕቃ ዋጋ ከየትኛው ገቢ ዋጋ እንደሚወሰድ መወሰን። ሶፍትዌሩ ውስጥ «ፊፎ» የሚል ምልክት ሲያበሩ በአብዛኛው የሚበራው ሁለተኛው ነው።

በላይኛው ምሳሌ 120 ካርቶን ቢወጣ፣ ፊፎ 100ውን በ10፣ 20ውን በ12 አስቦ ወጪውን 1,240 ያደርጋል፤ ቀሪው 40 ካርቶን 480 ይሆናል። በአማካይ ዋጋ ቢሆን ወጪው 1,290፣ ቀሪው 430 ነበር። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ አይኤኤስ 2 ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ መጨረሻ የገባ ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ግን ይከለክላል። እርስ በርሳቸው የማይተካኩ ዕቃዎች ሲሆኑ ደግሞ የእያንዳንዱ ዋጋ ለብቻው ተለይቶ እንዲያዝ ይጠይቃል። ፊፎ እንግዲህ ለሂሳብ ሹሙ የሚሠራ ሐቀኛ ቀመር ነው። ስህተቱ የሚመጣው የመጋዘን ኃላፊው ያንኑ ሪፖርት ይዞ «የታገደው ባች አልቋል» ሲል ነው።

አንዳንድ ሲስተሞች ይህን ስሌት በግልጽ መዝግበው ያስቀምጡታል። ለምሳሌ የማይክሮሶፍቱ የንግድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ቢዝነስ ሴንትራል እያንዳንዱን የወጪ መስመር ከአንድ ወይም ከብዙ የገቢ መስመሮች ጋር የሚያያይዝ ራሱን የቻለ ሠንጠረዥ አለው። ተጠቃሚው ሎት ወይም ሲሪያል (የእያንዳንዷን ፍሬ የራሷን ቁጥር) ካላስገባ፣ ወይም ገቢውን በእጁ ካልመረጠ፣ ማያያዙን የሚሠራው ሲስተሙ በራሱ ሕግ ነው። ሠንጠረዡ ለኦዲት በጣም ይጠቅማል፤ የታየ ነገር ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ግን አይገባም።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ፣ እንዲህ ያለ ትስስር የሶፍትዌሩ ውስጣዊ አሠራር ውጤት መሆኑ ነው። ኦዱ የተባለው የንግድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ከስሪት 8 ጀምሮ እያንዳንዱ የክምችት ቁራጭ ያለፈባቸውን እንቅስቃሴዎች ይዞ እንዲዞር ያደርግ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ስሪት 11 አሠራሩ ቀለለና ያ ትስስር ቀረ። ሎት ወይም ሲሪያል የነበረው ዕቃ ክትትሉ ቀጥሏል፤ ያልነበረው አጥቷል። ከዚህ የምወስደው ምክር ግልጽ ነው፦ መነሻ ገቢውን ማወቅ የሚያስፈልግዎ ከሆነ፣ መለያው ራስዎ በሚያዩትና በሚያትሙት መስክ ላይ ይቀመጥ እንጂ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ባለ ስሌት ላይ አይተማመኑ።

## አማራጭ ሦስት፦ እያንዳንዱ የገቢ መስመር የራሱ ሎት

ለብዙው መጋዘን እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ዕቃ ሲገባ ሲስተሙ ለእያንዳንዱ የገቢ ሰነድ መስመር የራሱን የሎት ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ በባርኮድ ይታተማል፤ ካርቶኑ ወደ መደርደሪያ ሳይሄድ ይለጠፋል። ሲወጣ ያ ቁጥር ይነበባል። ስለዚህ ከማንኛውም ካርቶን ወደ ገቢ ሰነዱ፣ ወደ አቅራቢው፣ ወደ ግዢ ዋጋውና ወደ ተቀበለው ሰው መድረስ የአንድ ንባብ ሥራ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ሎት መያዝ ከሚችል ከማንኛውም ሶፍትዌር ጋር መሥራቱ ነው። ልዩ ሞጁል አይጠይቅም። ሶፍትዌር ቢቀይሩ እንኳ ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ስለተለጠፈ አብሮ ይሄዳል።

ሦስት ነገር ግን ይፈልጋል። አንደኛ፣ ቁጥሩ በሰው እጅ ሳይሆን በሲስተሙ ይፈጠር። ቁጥሩ ውስጥ አቅራቢውን፣ ቀኑን፣ የዕቃ ዓይነቱን ሁሉ መጠቅጠቅ ማራኪ ቢመስልም፣ አንዱ መረጃ ስህተት ሆኖ ሲገኝ ታትሞ የተለጠፈውን ማረም አይቻልም፤ ተራ ተከታታይ ቁጥር ይበቃል፤ ዝርዝሩ ሲስተሙ ውስጥ ይኑር። ሁለተኛ፣ በአንድ የመደርደሪያ ክፍል ሁለት ሎት ባይቀላቀል ይመረጣል፤ ቦታ ጠቦ ከተቀላቀለ፣ ሲወጣ ማንበብ የግድ ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ጭነት ሁለት የአቅራቢ ባች ይዞ ከመጣ የገቢ መስመሩ በሁለት ይከፈል። ይህ ሲዘነጋ ሎቱ ሁለት ባች በሆዱ ይዞ ይቀራል፤ በዕገዳ ቀንም ከሁለቱ መለየት አይቻልም።

## አማራጭ አራት፦ የአቅራቢው ባች ቁጥር

አቅራቢ ሲያግድ የሚጠራው የራሱን ባች ነው፤ ስለዚህ ያ ቁጥር ሲስተሙ ውስጥ መኖር አለበት። የዓለም አቀፉ የጂ ኤስ 1 ባርኮድ ሥርዓት ይህን ያቀልላል፤ በአንድ ምልክት ውስጥ መለያ 01 የዕቃውን ቁጥር፣ መለያ 10 ባቹን (እስከ 20 ፊደላትና አኃዞች)፣ መለያ 17 የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያውን ይይዛል። ስካነሩ ሦስቱን በአንዴ ካነበበ የእጅ ጽሕፈት ስህተት ይቀራል። በእጅ ሲጻፍ ዜሮና የላቲኑ ኦ፣ አንድና የላቲኑ አይ ይምታታሉ፤ አንዱ ባች በሲስተሙ ውስጥ በሁለት ስም ይኖርና ፍለጋ ሲደረግ ግማሹ ብቻ ይገኛል። የማብቂያ ቀን ስለሚይዝም ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ እንዲወጣ ማድረግ ያስችላል፤ ለምግብና ለመድኃኒት ይህ ከፊፎ የተሻለ ነው፤ ኋላ የገባ ጭነት ቀድሞ የሚያበቃ ቀን ይዞ ሊመጣ ይችላልና።

ይሁን እንጂ ባች ብቻውን መነሻ ገቢውን አይነግርም። አንድ ባች በሁለት የተለያዩ ጭነቶች፣ በሁለት ዋጋ፣ በሁለት ሰነድ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሲስተሞች ያው ዕቃ ከያው ባች ጋር ሲመጣ አዲስ መዝገብ ሳይከፍቱ በነበረው ላይ ይደምሩታል። በዚያን ጊዜ «ይህ ካርቶን ከየትኛው ባች ነው» መልስ አለው፤ «በየትኛው ርክክብ፣ በማን ፊርማ፣ በስንት ዋጋ ገባ» ግን መልስ የለውም። መጓጓዣ ላይ የተበላሸ ዕቃ ሲሆን ጥፋቱ ያለው በባቹ ላይ ሳይሆን በጭነቱ ላይ ነው። ሙቀት የነካው አንዱ መኪና እንጂ ባቹ በሙሉ አይደለምና። ጥሩው መንገድ የራስን ሎት በላይ አድርጎ የአቅራቢውን ባች እንደ አንድ መስክ በሥሩ መያዝ ነው፤ ፍለጋው በሁለቱም ይሠራል።

## አማራጭ አምስት፦ የፓሌት መለያ

ዕቃው በሙሉ ፓሌት ገብቶ በሙሉ ፓሌት የሚወጣ ከሆነ ከዚህ የሚፈጥን የለም። በጂ ኤስ 1 ሥርዓት ፓሌቱ ላይ የሚለጠፈው መለያ 18 አኃዝ ያለው ነው፤ አንድ ንባብ አርባና ሃምሳ ካርቶን ያንቀሳቅሳል። ድካሙ የሚጀምረው ፓሌቱ ሲፈታ ነው። ከሁለት ፓሌት የተረፈ ካርቶን ሦስተኛው ላይ ሲደረብ፣ የፓሌቱ ቁጥር ስለ መነሻው የሚያውቀው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሲገዙ የሚጠየቀው «ፓሌት ይይዛል?» ብቻ ሳይሆን «በፓሌቱ ውስጥ ሎቱን ለይቶ ይይዛል?» የሚለው ነው።

## አማራጭ ስድስት፦ ሲሪያል ቁጥር

እያንዳንዷ ፍሬ የራሷ መታወቂያ አላት። ትክክለኛነቱ ከሁሉ ይበልጣል፤ ድካሙም እንዲሁ። 500 ፍሬ ያለው ገቢ በሎት ሲያዝ አንድ ምዝገባ ነው፤ በሲሪያል ሲያዝ ሲገባ 500፣ ሲወጣ ሌላ 500 ንባብ ነው። ዋስትና ላለው ኤሌክትሮኒክስ፣ ለማሽን፣ ለሕክምና መሣሪያ ዋጋው ይገባዋል።

ድካሙን ለማቅለል አንዳንድ ሶፍትዌሮች ሲሪያሉን ሲወጣ ብቻ እንዲነበብ ይፈቅዳሉ። ፈጣን ነው፤ ለዋስትናም ይበቃል፤ የትኛው ደንበኛ የትኛውን ማሽን እንደወሰደ ይታወቃልና። ግን ሲገባ ያልተነበበ ሲሪያል ከገቢ ሰነድ ጋር አይያያዝም። አቅራቢው ላይ የዋስትና ጥያቄ ለማቅረብ «ይህን በዚህ ቀን ከእናንተ ተቀብለናል» ማለት ሲያስፈልግ ሰነዱ አይገኝም። ይህን ምርጫ የሚያበራ ሰው ምን እንደተወ አውቆ ያብራው።

## በአንድ እይታ

| ዘዴ | ትስስሩ | እስከ ምን ይደርሳል | የዕለት ድካም | ለዕገዳ ይሆናል? | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ቀሪና አማካይ ዋጋ | የለም | እስከ ዕቃ ዓይነቱ | በጣም ትንሽ | አይሆንም | ርካሽና የማይበላሽ ዕቃ |
| ፊፎ በስሌት | የተሰላ | እስከ ገቢ መስመር፣ በግምት | ትንሽ | አይሆንም | የሂሳብ ሥራ |
| የራስ ሎት በገቢ መስመር | የታየ | እስከ ገቢ መስመር | መካከለኛ | ይሆናል | አብዛኛው መጋዘን |
| የአቅራቢ ባች ብቻ | የታየ | እስከ ባች፤ ገቢው ሊደባለቅ ይችላል | መካከለኛ | ለአቅራቢ ዕገዳ ይሆናል | ምግብ፣ መድኃኒት |
| የራስ ሎት ከአቅራቢ ባች ጋር | የታየ | እስከ ገቢ መስመርና ባች | መካከለኛ | በሚገባ ይሆናል | ምግብ፣ መድኃኒት፣ መዋቢያ |
| ፓሌት | የታየ፣ እስኪፈታ | እስከ ፓሌት | ሙሉ ፓሌት ከሆነ ትንሽ | ሎት በውስጡ ካለ | ትልቅ ማከፋፈያ |
| ሲሪያል ሲገባም ሲወጣም | የታየ | እስከ አንድ ፍሬ | ከባድ | በሚገባ ይሆናል | ውድና ዋስትና ያለው ዕቃ |

## ክሩ የሚበጠስባቸው ቦታዎች

ዕቃ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ከተሸጠ የትኛውም ሲስተም ያምራል። የሻጩ ማሳያም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ያበቃል። መጋዘን ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሠራም።

ዝውውርን እንውሰድ። አንዳንድ ሲስተም ከመጋዘን ወደ መጋዘን ማዛወርን እንደ ወጪና እንደ አዲስ ገቢ ይቆጥረዋል። ተቀባዩ መጋዘን ውስጥ ዕቃው ዛሬ የተወለደ ይሆናል። መነሻ ገቢው ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ዕቃው ስንት ጊዜ እንደቆየ የሚያሳየው ሪፖርትም ይዋሻል፤ ስምንት ወር የተቀመጠ ዕቃ የትናንት ይመስላል።

ተመላሽም እንዲሁ ነው። ደንበኛ የመለሰው ዕቃ በራሱ የሽያጭ መስመር በኩል ካልገባ አዲስ ገቢ ይሆንና ከታገደው ሎት የተመለሰው ከደህናው ጋር ይደባለቃል። በቆጠራ 12 ካርቶን ትርፍ ሲገኝ ደግሞ ሲስተሙ «ሎቱን አስገባ» ብሎ ሊያስቆም ይገባል፤ ዝም ብሎ ደምሮ የሚያልፍ ከሆነ መነሻ የሌለው ዕቃ ተፈጠረ ማለት ነው።

ቀሪን ከዜሮ በታች መፍቀድ ሌላው ነው። ዕቃው በአካል ገብቶ ሰነዱ ሳይመዘገብ ሲሸጥ፣ ሲስተሙ ገና ካልተጻፈ ገቢ ላይ ያወጣል፤ ኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ገቢ አንስቶም ያያይዘዋል። ክትትል በሚደረግባቸው ዕቃዎች ላይ ይህን ምርጫ ያጥፉት፤ የሽያጭ ክፍሉ ቢያጉረመርምም።

በጋን የሚቀመጥ ፈሳሽና በጎተራ የሚከማች እህል የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። አዲስ ጭነት በአሮጌው ላይ ሲገለበጥ የአንዷን ኪሎ መነሻ ማንም ሊያውቅ አይችልም። እዚህ ላይ ሐቀኛ ሲስተም አንድ ገቢ ጠቁሞ አይመልስም፤ «ከእነዚህ አራት ገቢዎች ሊሆን ይችላል» ብሎ ይዘረዝራል። ለዚህ ጋኑ በተደባለቀ ቁጥር አዲስ ሎት ተከፍቶ የቀድሞዎቹ እንደ ወላጅ መመዝገብ አለባቸው። ምርት ውስጥ የሚገባ ጥሬ ዕቃም በዚሁ መንገድ ይያዛል።

## ሻጩ ፊት የሚደረግ ፈተና

የሚከተለውን ሻጩ በራሱ ኮምፒውተር ላይ እርስዎ እያዩ ይሥራው። ቪዲዮና ስላይድ አይቀበሉ።

የመጀመሪያውን ገቢ 100 ካርቶን፣ ሁለተኛውን 60 ካርቶን ያስገባ፤ እያንዳንዱ ካርቶን 24 ፍሬ አለው። ከሁለተኛው ገቢ 30 ካርቶን ወደ ሌላ መጋዘን ያዛውር፤ የመጀመሪያው ገና ሳይነካ። እዚያ አንድ ካርቶን ፈትቶ 10 ፍሬ ይሽጥ። ደንበኛው 4 ፍሬ ይመልስ። አሁን «ሁለተኛው ገቢ ታግዷል፤ የት የት ነው ያለው?» ብለው ይጠይቁ። ትክክለኛው መልስ አንድ ነው፦ በመጀመሪያው መጋዘን 30 ካርቶን፣ በሁለተኛው 29 ካርቶንና 18 ፍሬ፣ በደንበኛው እጅ 6 ፍሬ። ሲደመር 60 ካርቶን ይመጣል። ቀጥሎ ከተመለሱት ፍሬዎች አንዷን ይዘው ወደ ገቢ ሰነዱ ይመለስ።

ሲስተሙ የተሸጠውን ከመጀመሪያው ገቢ ላይ ቀንሶ ካሳየ፣ ከእውነት ሳይሆን ከቀመር ጋር እየተነጋገሩ ነው። መልሱን ለማግኘት ሻጩ ሦስት ሪፖርት አውጥቶ ኤክሴል ላይ ካገናኘም አይለፈው፤ በዕገዳ ቀን ያን ሥራ የሚሠራው የእርስዎ ሰው ነው።

## ለማን የትኛው?

ሁሉንም ዕቃ በአንድ ዘዴ መያዝ ገንዘብም ጉልበትም ያባክናል። ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት «ያለኝን ሁሉ ላግድ ብገደድ ምን አጣለሁ?» ብለው ይጠይቁ። ኪሳራው ቀላል ከሆነ አማካይ ዋጋ ወይም ፊፎ ይበቃል። ከባድ ከሆነ ወይም የሰው ጤና ያለበት ከሆነ የታየ ትስስር የግድ ነው።

በጀት ለሌለው ትንሽ መጋዘን መነሻው ሶፍትዌር እንኳ ላይሆን ይችላል። በተራ የኤክሴል መዝገብ ላይ አንድ የሎት ዓምድ፣ ካርቶኑ ላይ በማርከር የተጻፈ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ የወጪ ሰነድ ላይ ያንን ቁጥር መጻፍ፤ ይህ ሎት ከማይጻፍበት ውድ ሲስተም ይበልጣል። ቀጣዩ ደረጃ ኦዱ ኮሚዩኒቲን ወይም ኢአርፒ ኔክስትን የመሰሉ ኮዳቸው ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ሁለቱም ሎትና ሲሪያል ይይዛሉ፤ ለፈቃድ አይከፈልም። ገንዘቡ የሚሄደው ለማዋቀር፣ ለመለያ ማተሚያ፣ ለስካነርና ለሥልጠና ነው፤ በጀት ሲያዝም እነዚህ ይቅደሙ። ስካነር የሌለው የሎት ሲስተም በሁለት ወር ውስጥ «ሎት፦ 1» ተብሎ የተሞላ መዝገብ ይሆናል።

የመጠቀሚያ ጊዜ ያለው ዕቃ ለሚይዝ፣ የራስ ሎት ከአቅራቢ ባችና ከማብቂያ ቀን ጋር፤ ከዚህ አይውረዱ። ዋስትና ያለው ዕቃ ለሚሸጥ፣ ሲሪያል ሲገባም ሲወጣም፤ ዋጋቸው ዝቅ ላሉት ተጓዳኝ ዕቃዎች ሎት ይበቃል። በሙሉ ፓሌት ለሚያከፋፍል ትልቅ መጋዘን፣ ሎትን በውስጡ የሚይዝ የፓሌት መለያ፤ የእጅ ስካነሩ ከሲስተሙ ጋር በቀጥታ የሚነጋገር መሆን አለበት፤ ማታ በፋይል የሚገለበጥ ከሆነ ቀን ላይ የተሳሳተ ንባብ የሚያስቆም የለም።

ከአሮጌ ሲስተም ወደ አዲስ ለሚዛወር ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የመክፈቻ ቀሪ ሲጫን ዕቃው ሁሉ ሥራ በተጀመረበት ቀን የገባ ይመስላል፤ የዓመታት ታሪክ በአንድ ሌሊት ይደመሰሳል። ከመጫኑ በፊት መደርደሪያው በሎት ይቆጠር፤ የቀድሞው የገቢ ሰነድ ቁጥርና ቀን በአዲሱ ሎት መስክ ውስጥ ይግባ። መነሻው ጨርሶ የማይታወቀው ዕቃ «መነሻው ያልታወቀ» የሚል የራሱ ሎት ተሰጥቶት ከሌላው ለብቻ ይቀመጥ፤ ቀድሞም ይውጣ።

ሥራ ከተጀመረ በኋላ በየወሩ ከመደርደሪያ ላይ ሦስት ካርቶን ያለ ምርጫ ያንሱና የገቢ ሰነዳቸው እንዲቀርብ ይጠይቁ፤ ሰዓት ይያዙ። ሰነዱ ላይ ያለው ባች ካርቶኑ ላይ ከታተመው ጋር ካልገጠመ፣ የዚያን ሎት የመጨረሻ አምስት ወጪዎች በዚያው ቀን ይመርምሩ።